ጠብታው ከየት መጣ?

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ጅቡቲ ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ከቆሙ መኪኖች ሥር ደረቅ መሬት ማግኘት ያዳግታል። አረንጓዴና ነጭ የተቀቡት ታክሲዎች፣ የቆዩት ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች የየራሳቸውን ኩሬ ጥለው ይቆማሉ። ከደጋ የመጣ ባለመኪና ይህን አይቶ «ይሄ ሁሉ ያፈሳል እንዴ?» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አብዛኛው ግን ንጹሕ ውኃ ነው። የባሕሩ አየር እርጥበት የጠገበ በመሆኑ ኤሲው አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ወር ሙሉ ጠብ ያላላት መኪና እዚህ በአንድ ከሰዓት ኩሬ ብትሠራ ጤነኛ ናት። እንዲያውም መጨነቅ የሚገባው ውኃው ሲቀር ነው፤ ቱቦው በአቧራ ከተደፈነ ውኃው ወደ ውስጥ ዞሮ ምንጣፉን ያረሰርሳል።

የአሮጌ መኪና ፍሳሽ ፍለጋም የሚጀመረው ከዚሁ ነው፤ የፈሰሰው ምንድን ነው? ማታ መኪናው ሲቆም ከሥሩ ሰፊ ካርቶን ይነጠፋል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ያሉበት ቦታም ካርቶኑ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ጠዋት ውኃ የነበረው ደርቆ ጠፍቷል፤ ዘይት የነበረው ቅባቱን ጥሎ ይገኛል። የቆየ የሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሲያል ዘይት ወፈር ያለና ድኝ ድኝ የሚል ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው ከሌላ አያምታታውም። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ለብዙ መኪኖችም የመሪ ፓምፕ የሚሞላው ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ኩላንት አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ አለው። መርዝ ስለሆነ ግን የሚቀመስ አይደለም፤ የፈሰሰውንም ከልጆችና ከእንስሳት ፊት ቶሎ ማጠብ ይገባል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፤ የነካውን ቀለም ይልጣል።

መጠኑስ? አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ይሆናል። በደቂቃ አንዲት ጠብታ የሚጥል ሞተር በቀን 72 ሚሊ ሊትር፣ በወር ከ2 ሊትር በላይ ይጥላል ማለት ነው። ይህም ሲቆም ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ስለሚነዳው ቆሞ የማያንጠባጥብ ቀዳዳ መንገድ ላይ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ከካርቶኑ ይልቅ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይታመናል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ከቀነሰ ዘይቱ ወይ ሲነዳ ይፈስሳል፣ ወይ ውስጥ ይቃጠላል።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከመኪና ጋር የተዋወቀው ገና በጠዋቱ ነው። አደባባዩ በመዝገብ ስሙ ጅቡቲ ነጻ የወጣችበትን ዕለት፣ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.ን ያስታውሳል፤ ሰዉ ግን አሁንም ሜኔሊክ እንዳለው ነው። ለእኒሁ ለዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1907 ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞላቸው የመጣው በጅቡቲ በኩል ነበር። በዚያ ዘመን ዘይት ማፍሰስ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይቱን አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ መንገድ ላይ እንዲጥሉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ኤንትሬ፣ የፊያቱ 682 ኤን 3፣ የኢትዮጵያን ጭነት ለዓመታት ተሸክሟል፤ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን የጋራዥ ቃላትም የቸሩን ጣሊያኖቹ ናቸው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከባዱ መኪና አደባባዩ ድረስ አይዘልቅም፤ ከከተማው ውጭ ፒኬ 12 አካባቢ ይቆማል።

አሮጌ መኪና ደግሞ በእኛ በኢትዮጵያ ዘንድ እየተወደደ እንጂ እየረከሰ አልሄደም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ኮሮላ ገና ብዙ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ለዚህ ነው ፍሳሽን በትክክል ማግኘት ከድሮው ይልቅ ዛሬ ገንዘብ የሆነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና የሚከስርበት አንድ ነገር አለ። ዘይት ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ሲንጠባጠብ «ወንድሜ፣ የኋላው ኦይል ሲል ሄዷል፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት» ይባላል። የክራንክ ሻፍቱን የኋላ ኦይል ሲል ለመቀየር ካምቢዮና ፍሪሲዮን ይወርዳል፤ ዕቃው ርካሽ፣ ጉልበቱ ውድ ነው። ግን ያው ዘይት ከላይ፣ ከቫልቭ ከቨሩ ጓርኒሲዮን ወጥቶ የሞተሩን ጀርባ ይዞ ሊወርድም ይችላል። ከዘይት ግፊት ሴንሰሩም ሊሆን ይችላል፤ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፣ በአንድ ቁልፍ ትፈታለች። ዘይት በራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምስክር ሆኖ አይበቃም። የሚፈለገው ከራሰው ቦታ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ፊት የቀደመው ነው። ከክራንክ ሻፍቱ የፊት ፑሊ ጀርባ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ፑሊው እየዞረ ስለሚረጨው ዙሪያውን የተበተነ ክብ ይተዋል፤ እሱ ራሱን ያሳብቃል።

የዓመታት ዘይትና አቧራ በተጋገረበት ሞተር ላይ ግን የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ማን ይለያል? መጀመሪያ መታጠብ አለበት። በናፍታና በብሩሽ ማጠብ የተለመደ ነው፤ ናፍታው ራሱ ቅባት ስለሚተው ግን በሳሙናና በውኃ ማለቅለቅ፣ አልተርኔተሩንና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን በፌስታል መሸፈን፣ ከዚያም ማድረቅ ያስፈልጋል። በቤንዚን ማጠብ፣ ያውም በጋለ ሞተር ላይ፣ እሳት መጥራት ነው። ከደረቀ በኋላ የሕፃናት ፓውደር ይነሰነስበታል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሲሠራ ዘይቱ በነጩ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። መንገድ ላይ ብቻ የሚፈስስ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም አለ። ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቶ፣ ማታ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያዩት ምንጩ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይደምቃል። የብር ኖት የሚመረመርባት ዓይነት ትንሽ መብራት ካለች አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

ምንጩ ተገኘ እንበል። ኦይል ሲሉ ተቀየረ፤ በወሩ እንደገና አፈሰሰ። መካኒኩን ወይም «የቻይና ዕቃ»ን ከመርገም በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ማየት ይበጃል፤ ለእኔ በአሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይህ ነው። ሞተር ሲሠራ ከቃጠሎው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ አልፎ ወደ ታች ይሾልካል። ፋሻው ባለቀ ቁጥር የሚሾልከው ይበዛል። ይህ ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ ወይም ቫልቭ በጥቀርሻ ሲዘጋ በዘይቱ ቋት ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ አፉ የተወተፈ ጀበና እሳት ላይ እንደማቆየት ነው። ግፊቱም ደካማውን ጓርኒሲዮን መርጦ ይወጣል። አንዱን ሲደፍኑት በሌላው ይመጣል። ለማወቅ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ቀዳዳው ላይ ስስ ፌስታል ማኖር ነው። መተንፈሻው ጤነኛ የሆነ የቤንዚን ሞተር ፌስታሉን ትንሽ ይስበዋል፤ የተዘጋው ሽቅብ ይገፋዋል። የናፍታ ሞተር ጥቂት መተንፈሱ ስለማይቀር በእሱ ላይ ቶሎ አይፈረድም።

ከጅቡቲ በጋላፊ ድንበር አድርጎ በሚገባው መንገድ ላይ የኋላው ዲፈረንሲያልም ይኸው ችግር አለበት። ከላዩ ትንሽ መተንፈሻ አለችው፤ የአፋር አቧራ ሲደፍናት ረጅም ጉዞ ላይ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በጎማው በኩል ይገፋዋል። ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። ሹፌሩ የኋላ ጎማው ከውስጥ ሲርስ አይቶ የፍሬን ሲሊንደር ቢያዝ ስህተቱ የሚገለጥለት የማርሽ ዘይቱን ሲያሸት ብቻ ነው።

ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለራዲያተር ፈተና ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ስፕሪንግ ከላላ ጅቡቲ ላይ ያልታየ ፍሳሽ ዳገቱ ላይ ይጀምራል። ቱቦ ሲቀየር፣ ፓምፕ ሲቀየር፣ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ሆኖ ይገኛል። ኩላንት ባለፈበት ቦታ ሲደርቅ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ስለሚተው ለማግኘት ከዘይት ይቀላል፤ የውኃ ፓምፑ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከራሰች የፓምፑ ሲል አልቋል። ውጭ ምንም ሳይታይ ውኃው እየጎደለ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ እየወጣ፣ ዘይቱም ወተት መስሎ ከነጣ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። የጅቡቲ ጉድጓድ ውኃ ጨው ስላለበት ለመሙላት ቢቀርብም ለአሉሚኒየም ራዲያተር አይሆንም። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ዛሬም እጁን የሚቃጠል አለ።

የፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ ከዋናው ፓምፕ ወደ ፍሬን ማገዣው ሲገባ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፤ የሚታየው የማጠራቀሚያው መጉደል ነው። የፍሬን ሸራ ሲያልቅም ግን ያለ ምንም ፍሳሽ መጠኑ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ከመሙላት በፊት ሸራውን ማየት ነው። ሸራው ደህና ሆኖ ከጎደለ፣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ መኪናው ከአደባባዩ ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ አይሄድም። የቤንዚን ፍሳሽም እንዲሁ። የናፍታ ታንከር ቢሰነጠቅ ግን ደረቅ ሳሙና ጠፍጥፎ መድፈን ጋራዥ እስኪደረስ ያቆያል። ሲሎችን አለስልሶ ፍሳሽ ያቆማል የሚባለው ዘይት ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒትም ጎማው ለደረቀ ሲል ለጊዜው ሊረዳ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ግን አያድንም።

በወር ግማሽ ሊትር የሞተር ዘይት የሚያፈስስ የሃያ አምስት ዓመት ፒክአፕ ግን በእኔ ዓይን ዘንጉን በየሳምንቱ እያዩ፣ አንድ ሊትር መጠባበቂያ ኋላ እያስቀመጡ ሊነዳ የሚችል ነው። ለእሱ ብሎ ካምቢዮ ማውረድ ፍሪሲዮን የሚቀየርበት ጊዜ እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል፤ ያን ዕለት ኦይል ሲሉም አብሮ ይቀየራል።