ተጨማሪ መረጃ፦ የኡካ ቀይ አፈርና የብርዳማው ተራራ ጥቁር አፈር

በኢሉባቦር በኡካና በመቱ ዙሪያ ቡና የሚበቅልበት ጥልቅ ቀይ አፈርም ሆነ በሰሜን ተራሮች ከአስታ ደን ሥር የሚገኘው ጥቁር አፈር መነሻቸው እሳተ ገሞራ ነው። የለያያቸው በዋናነት የአየር ጠባይ ነው። ኢሉባቦር ሞቃትና ዝናባማ በመሆኑ ዐለቱ በጥልቀት ፈራርሶ ሸክላ የበዛበት ኒቲሶል ሆኗል፤ ቅላቱን የሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ግን የረገፈ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አያልቅም። ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚፈጠረው አሎፌን የተባለ ማዕድንም ብስባሹን አጥብቆ ይይዘዋል። አንዶሶል የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ሲበዛም ቀላል ነው። አንድ ሊትሩ ሲደርቅ ከ900 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ሌላው አፈር ብዙ ጊዜ ከ1,200 ግራም በላይ ይመዝናል።

ይሁን እንጂ ጥቁረቱን ብቻ አይቶ ለም ነው ማለት አይቻልም። ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ተክሉ በቀላሉ አያገኘውም፤ የኢሉባቦሩ ቀይ አፈርም ይኸው ጠባይ አለው። ደኑ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ ደግሞ ይህ ልል ጥቁር አፈር በጎርፍ ይታጠባል። በሰሜን ተራሮች የገብስ ማሳዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው።