ኮረብታው ሲከለል ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ለእርከንና ለችግኝ የምትሰጡት መዋጮ ምን ፍሬ እንዳፈራ ዘወትር ትጠይቃላችሁ። በመስክ ላይ ያሉ ሠራተኞች ግን የሚገጥማቸው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም፦ «ኮረብታው ከከብት ከተከለለ ወዲህ ከግርጌው ያለው ኩሬ እንደ ቀድሞው አልሞላ አለን» ለሚል ገበሬ ምን ይመለስለታል? የሚል ነው። ገበሬው እውነቱን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባናል።

በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት 100 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 500 ይሞላል። የክረምት ዝናብ ይህን ያህል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያወርድ ይችላል። ውሃው ወይ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ ወይ በላዩ ላይ ይሮጣል። ከሁለቱ የትኛው እንዲበዛ ከሚወስኑት ነገሮች ሰው ሊለውጠው የሚችለው ዋናው፣ አፈሩ የለበሰው ልብስ ነው።

ራቁቱን የቀረ አፈር በዝናብ ጠብታ ይደበደባል። ጓሉ ይፈርሳል፤ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፀሐይ ሲወጣም እንደ ቅርፊት ሆኖ ይደርቃል። የሚቀጥለው ዝናብ በዚያ ቅርፊት ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይንሸራተታል። ከብት የረገጠው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ግን ቅጠሉ ጠብታውን ይሰብራል፤ የረገፈው ብስባሽ አፈሩን ይሸፍናል፤ ሥሩ፣ ትሉና ምስጡ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ የሣሩ አገዳም ውሃውን ያዘገየዋል። የዘገየ ውሃ ለመስረግ ጊዜ ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችን ዛፍ ከተተከለ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ከቁመታም ባሕር ዛፍ ላይ ተጠራቅሞ የሚወርደው ጠብታ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ያለው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ከሆነ አፈሩን በኃይል ይመታዋል። ስለዚህ በሪፖርት ላይ ከችግኙ ቁጥር ይልቅ መሬቱ ምን ያህል እንደ ተሸፈነ ብንጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

በትግራይ በደጉዓ ተምቤን የተከለሉ ኮረብታዎች ላይ ተመራማሪዎች ከትንንሽ መሬቶች የሚወርደውን ጎርፍ ለክተው ነበር። የዕፀዋቱ ሽፋን እየጨመረ ሲሄድ ጎርፉ እየቀነሰ ሄደ፤ ሽፋኑ ከመቶ 65 ሲያልፍ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። እንግዲህ የኩሬው መጉደል ምክንያት ይህ ነው፤ ኩሬው ይሞላ የነበረው ከተራቆተው ኮረብታ በሚወርደው ጎርፍ ነበርና።

«ታዲያ ቁጥቋጦውን ብንመነጥረው ውሃ አናገኝምን?» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ በአሪዞና፣ ቢቨር ክሪክ በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጥድ ዝርያ የሆኑ ዛፎች በብረት ገመድ እየተጎተቱ ተነቅለው ነበር። ወንዙ ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። የዓመቱ ዝናብ ከ450 ሚሊ ሜትር በሚያንስበት አገር ዛፉ ባይጠጣው እንኳ አብዛኛውን ውሃ ፀሐይና ሣር ይወስዱታል። ዝናቡ ከዚያ በሚበልጥበት ተዳፋት ደግሞ የተመነጠረ ኮረብታ ጎርፍ ይጨምር ይሆናል፤ አፈሩንም አብሮ ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ኩሬ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በደለል ይሞላል።

በተከለለው ኮረብታ የሰረገው ውሃ ከፊሉን ዕፀዋቱ ይጠጡታል። ይህ ክፍል ተመልሶ ምንጭ አይሆንም፤ ሣርና የንብ ቀሰም ሆኖ ግን ይገኛል። የቀረው ወደ ታች ወርዶ ከግርጌው ያለውን ጉድጓድና ምንጭ ይመግባል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ በተባለው መንደር በእርከን፣ በክትርና በክለላ ሥራ የጉድጓዶች ውሃ ከፍ ብሎ ነበር፤ መንደሩም እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት ተሸልሟል። ሆኖም ይህ በአንድ ክረምት የሚሆን አይደለም። ኩሬው ዛሬ ይጎድላል፤ ጉድጓዱ የሚሞላው ከዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሸከመው ባለ ኩሬው ነው።

ይህን ሸክም ቸል ማለት አደገኛ ነው። ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ብዙ ኮረብታ በእህል ለሥራ እርከን ተሠርቶለት ተከልሎ ነበር። በብዙ ስፍራ ግን ሕዝቡ በቅጡ ስላልተጠየቀ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ተጨፈጨፈ።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ከክለላው በፊት ከባለ ኩሬዎቹ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። ኩሬው ከመንገድና ከዓለት ላይ በሚወርድ ውሃ የሚሞላበት ቦይ ሊቀደድለት ይቻል እንደ ሆነ ይመልከቱ። ታጭዶ ከሚወሰደው ሣር ለእነርሱ ድርሻ ይመደብላቸው። ከኮረብታው ግርጌ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ስፍራም ይፈለግ። ከዚህም ጋር፣ ድንጋይ በገመድ አስሮ በየወሩ ወደ ጉድጓዱ በማውረድ የውሃውን ጥልቀት መለካትና በደብተር መመዝገብ፣ ለዚህም ከባለ ኩሬዎቹ አንዱን መመደብ ጥሩ ነው።