ቅድመ ክፍያውን ማን ይሸከማል?

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ በምትገኘው የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞኗ አዲጋላ ውስጥ የባንክ ሒሳቡ ባዶ የሆነ ሰው ድሃ ነው ማለት አይደለም። ሀብቱ ሜዳ ላይ ተሰማርቶ ይሆናል፤ ግመል፣ ፍየል፣ በግ። ቤት ልግዛ ብሎ ባንክ ሲሄድ ግን ባለሙያው የሚያየው ሒሳቡን ብቻ ነው።

ያለ ቅድመ ክፍያ ቤት የሚገዛባቸው አገሮች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮቿ ይህን ስትፈቅድ ዋስ የሆነው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ቀውስ በፊት ግን ለብዙ ተበዳሪ እንዲህ ያለ ዋስ ሳይኖር ብድሩ ተሰጠ፤ የቤት ዋጋ ሲወርድ ዕዳው ከቤቱ በለጠ። ገዢው ያልከፈለውን ቅድመ ክፍያ ሁልጊዜ የሚሸከመው ሌላ ሰው አለ። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡት የአዲስ አበባዎቹ የ40/60 ቤት ፕሮግራም ቆጣቢዎች ደግሞ ራሳቸው እንዲሸከሙት ነው የተደረገው፤ 40 በመቶውን እንዲቆጥቡ፣ የቀረው ብድር እንዲሆን ነበር የታሰበው።

እስቲ ባንኩ ቅድመ ክፍያውን ይቅር አለ እንበል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ18 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 32,200 ብር ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 30 ሺሑ ወለድ ብቻ ነው። ከ2018 መስከረም የደመወዝ ማሻሻያ በኋላ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑን ያስታውሱ። ቅድመ ክፍያው ቢነሳለትም ይህ ሠራተኛ ቤቱን አይገዛም።

ሶማሌ ክልል ውስጥ ደግሞ ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት ሃይማኖት ይቀድማል፤ ወለድ ሐራም ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ከፈቀደ ወዲህ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ፤ መቀመጫውን ጅግጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክም ከማይክሮፋይናንስነት ተነሥቶ ባንክ ሆነ። ለቤት ከሚስማሙት ከወለድ ነፃ ውሎች አንዱ ሙሻረካ ነው፦ ባንኩና ደንበኛው ቤቱን በሽርክና ይገዛሉ፣ ደንበኛው ለባንኩ ድርሻ ኪራይ እየከፈለ ድርሻውን ቀስ በቀስ ይጠቀልለዋል። ነገር ግን ምንም ሳያዋጣ ሸሪክ የሚሆን የለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ተከራይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ ወደ መዋጮው ይመጣል።

በእኔ እምነት መዋጮው አለ፤ የጎደለው የሚቀበለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 የቁም ከብትን ለብድር መያዣነት ፈቅዷል። የባንክ ባለሙያ ግን ግመል ሲባል ፈራ ቢባል አልፈርድበትም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት በመጣው ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሲቲ ነበር፤ ዝናብ ከቀረ መያዣው ይሞታል፣ ዕዳው ግን ይቀራል። ለዚህ ነው ግመልን የረጅም ዘመን የቤት ዕዳ መያዣ ማድረግን የማልደግፈው። በዓመት ዓመት ተኩል የሚመለስና ለመነሻ መዋጮ ብቻ የሚውል ብድር ቢሆን ግን አደጋው ይጠባል፤ በድሬዳዋ ገበያ ጥቂት ከብት ሸጦ መዝጋትም ይቻላል።

ሌላው መዋጮ ሶማሌዎች ሀግባድ የሚሉት እቁብ ነው፤ ሴቶች በብዛት ይጥሉታል። በየወሩ ሳያቋርጥ የጣለ ሰው መክፈል እንደሚችል አስመስክሯል። የክልሉ ሰው በስልክ ገንዘብ መላላክ ለምዷልና ሀግባዱም በስልክ ቢጣልና ባንክ ይህን የክፍያ ታሪክ ቢመለከት ከደመወዝ ማስረጃ የማይተናነስ መረጃ ያገኛል።

ከዚህ በላይ የምሠጋው ስለ መሬቱ ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደሚለው በሊዝ ያገኙት ቦታ ቅድመ ክፍያው ከ10 በመቶ አያንስም፤ ባለይዞታው ሊያስይዝ የሚችለው ግን በከፈለው የሊዝ መጠን ብቻ ነው። አሥር በመቶ ከፍሎ ቦታ የያዘ ሰው ባዶውን ቦታ ይዞ ቢመጣ ብዙ ብድር አያገኝም። በትንሽ ከተማ ላለ ሰው ታዲያ የሚያዋጣው የተሠራ ቤት መግዛት ሳይሆን ካርታ ያለው ቦታ ይዞ፣ ሀግባዱ ሲደርሰው አንድ ክፍል መሥራት ነው። ያቺን ክፍልና ካርታውን ይዞ ለሁለተኛው ክፍል ሙሻረካ ሲጠይቅ፣ ባንኩ ፊት የሚቀርበው ድርሻ ያለው ሸሪክ ሆኖ ነው።