አውሬው ወይስ አጭበርባሪው?

«ዲጂታል ገንዘብ 666 ነው፤ ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» ሲባል በየታክሲው እሰማለሁ። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 ምልክቱ የሌለው ሰው መግዛትም መሸጥም እንደማይችል ይናገራልና ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ብዬ አልስቅበትም፤ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቋት ካለፈ፣ ቁልፉን የያዘ አካል ሰውን ከገበያ ማስወጣት ይችላል።

ግን ሁሉንም አንድ ላይ አንጨፍልቅ። ቴሌብር ውስጥ ያለው ያው ብራችን ነው። ቢትኮይን ደግሞ ማዕከላዊ ባንክ የለውም፤ ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን አያልፍም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ተቆጣጣሪ አንድ ፓስተርና ባለቤቱን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ ከእግዚአብሔር ታዘናል እያሉ ዋጋ ቢስ ክሪፕቶ ለአማኞች ሸጠው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበዋል።

ስለዚህ ነገ አንድ ወንድም «በረከት ነው» ብሎ ኮይን ቢያቀርብልዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ፈቀደው? መልሼ ወደ ብር የምቀይረው የት ነው? ትርፉስ ከየት ይመጣል? መልሱ ጥቅስ ብቻ ከሆነ፣ ለጸሎቱ አሜን ብለው ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያስቀሩ።