ሻንጣውን ያልፈታ መምህር



የመንግሥት ሠራተኛ ከከተማ ወደ ገጠር ሲመደብ ወዳጆቹ የሚሸኙት እንደ ተቀጣ ሰው ነው። «አይዞህ፥ ዓመት ሳይሞላህ ትዛወራለህ» ይሉታል። እርሱም ይህን ምክር ስንቅ አድርጎ ይሄድና፥ ሻንጣውን ሳይፈታ፥ በግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር ሳይመታ፥ የዝውውር ደብዳቤ ሲጠብቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ስለ ነበርሁ፥ የደረሰብኝን ለሥራ ባልደረቦቼ ባካፍል ሳይጠቅም አይቀርም በማለት ይህችን ጽሑፍ ልኬያለሁ።

የማስተምረው በጉራጌ አገር፥ በቸሃ ወረዳ፥ ከእምድብር ከተማ ራቅ ብሎ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በአንዲት የኪራይ ክፍል፥ በአንድ አልጋና በአንድ ምድጃ አሳለፍሁት። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ሲመጡ ክፍሊቱ አልበቃችንም። በዚያው መንደር የአንድ ሰው የአባቱ ቤት ተዘግቶ ይኖር ነበር፤ ባለቤቱ በአዲስ አበባ በንግድ ሥራ ስለሚኖር ለመስቀል በዓል ካልሆነ በቀር አይመጣም። «አድሳችሁ ተቀመጡበት፤ ለሦስት ዓመት ኪራይ አልጠይቃችሁም» ብሎ ቍልፉን ሰጠን።

ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ከታች በኩል ፈራርሶ እንጨቱ ይታይ ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ እንደ መሆኔ፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አካፋ መያዝና ቀለም መቀባት ለምጄአለሁና ዐዋቂ ነኝ ብዬ ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ የአንድ ወር ደመወዜን በሲሚንቶ ላይ አውዬ የቤቱን ፊት አስለሰንሁት። ለአንድ በጋ አማረ። ክረምቱ ሲገባ ግን ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ስለሚመታው፥ ጭቃው ከውስጥ እየራሰ፥ ልስኑ በሐምሌ ወር እንደ እንጨት ቅርፊት እየተላቀቀ ወደቀ።

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጥተው አዩና «ልጄ፥ የጭቃ ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው። ፊቱን ከመቀባትህ በፊት ውሃውን መሄጃ አብጅለት» አሉኝ። እንደ ነገሩኝም ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን፤ የግድግዳውን እግር በድንጋይ ደገፍን። ዝናቡ ካባራ በኋላ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን፥ ውሃ እየጨመርንና እየረገጥን ለብዙ ቀን አቆየነው፤ ከዚያ በኋላ መረግንበት። ሲደርቅ የተሰነጠቀውንም በቀጭን ጭቃ ደገምነው። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ወጪ ከሲሚንቶው ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ቤቱም ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ የባሰ ነበር። በጉራጌ መንደር ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚሠሩበት፥ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ አለ፤ ስሙንም ጀፎረ ይሉታል። ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርጉም ለቅሶውም በእርሱ ላይ ነው። ለእኔ ግን ማንም ያልያዘው ባዶ ቦታ መሰለኝና፥ ጎመንና ድንች ልተክልበት አጥሬን ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ፊት ገፋሁት። በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አልተቈጡም። ቡና ከጠጡ በኋላ አንደኛው «መምህር፥ ይህን መንገድ የተረከብነው ከአባቶቻችን ነው። ሁሉም ሰው ሦስት ሦስት እርምጃ ቢገፋ ልጆቻችን በየት ያልፋሉ?» አሉኝ። የሕዝብን ንብረት ስለ መጠበቅ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ የተናገርሁት ሰው መልስ አጣሁ። አጥሩን የነቀልሁት እነዚያው ተማሪዎቼ እያዩኝ ነው።

እንግዲህ የአትክልቱ ቦታ ጓሮው ሆነ። ያችው ጎረቤታችን በየካቲት ወር ዐሥር የእንሰት ችግኝ አመጡልኝ። እንሰት እንደ ጎመን በወራት የሚደርስ ተክል አይደለም፤ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የከብት ፍግ ይፈልጋል፤ በመካከሉም ከአንድ ቦታ እየተነቀለ በሌላው ይተከላል። ሲደርስ ግን በቆጮውና በቡላው ቤተሰብ ያኖራል፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመትም ቶሎ አይከዳም። እኔም ይህን ሰምቼ «እናቴ፥ እስከዚያ ድረስ እኔ ተዛውሬ እሄዳለሁ፤ ማን ሊበላው ነው?» አልኋቸው። «እኔስ ስበላ የኖርሁት ራሴ የተከልሁትን ብቻ ነው? አንተ ትከለው፤ የሚበላው አይጠፋም» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፥ እርስዎም ዘንድሮ ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የማስተምረው የሥነ ሕይወት ትምህርት ነው፤ ከእኔ በፊት በሦስት ዓመት ውስጥ አራት መምህራን ተፈራርቀውበታል። ልጆቹ ከመጽሐፉ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ደጋግመው ተምረዋል፤ የመጨረሻዎቹን ግን አንድም ቀን አልደረሱባቸውም። የዝውውር ማመልከቻዬ በኪሴ ስለ ነበረ ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ችግኞቹን ተከልኋቸው። በኋላም ተማሪዎቼን ወደ ጓሮዬ እያመጣሁ፥ የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ እንደሚመጣና በሽተኛውን ተክል የቈረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው እንደሚያዛምተው፥ ስለዚህም ቢላዋውን በእሳት ማሳለፍ እንደሚገባ አስተማርኋቸው። ልጆቹም በየቤታቸው ለእናቶቻቸው ነገሩ። ከመንደሩ ብዙ ከተቀበልሁ በኋላ የመለስሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ገጠር ገነት ነው ብዬ አንባቢን ማታለል አልፈልግም። መብራት ይጠፋል፤ ልጅ በሌሊት ሲታመም ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ባለቤቴም እናቷ በናፈቋት ቁጥር የምታለቅስበት ጊዜ አለ። ችግር ያለበት ሰው ዝውውር መጠየቁም መብቱ ነው። ነገር ግን የእንሰቱን ጠባይ ልብ እንበል። እርሱም እንደ እኛ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወር ነው፤ ሆኖም በተተከለበት ሁሉ «ነገ እነቀላለሁ» ብሎ ሥር ሳይሰድ አይቀርም። ይልቁንም እየተዛወረ ይወፍራል።

እኔ የዘንድሮውን ማመልከቻ አላስገባሁም። የከርሞውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሻንጣዬ ግን ተፈትቷል፤ ባለቤቴ የሽንኩርት ዘር ታስቀምጥበታለች።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከቸሃ