የፊት ፍሬን ድንገት ሲይዝ፦ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ምርመራ

የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሲደክም አሽከርካሪው ቶሎ ይገነዘበዋል፤ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማልና። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ እንደ መልካም ነገር ይቆጠራል። እጀታው ገና ሲነካ ፍሬኑ አፈፍ አድርጎ ይይዛል፤ አሽከርካሪውም «ፍሬኔ ኃይለኛ ነው» ብሎ ይደሰታል። ሁለት ሰውና ጓዝ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ከባድ ሞተር ብስክሌት ግን እንዲህ ያለው ፍሬን ከደካማው ያላነሰ አደገኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ምክንያቱን በቀላል ስሌት እናስረዳለን፤ ቀጥሎም የጉድለቱ ምንጭ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ እንመለከታለን።

ከጣት እስከ ጎማ

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ በስፋት የታወቀው ግን ሆንዳ ሲቢ 750 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1969 ወዲህ ነው። አሠራሩ የተመሠረተው በፓስካል ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የፊት ጎማው ሁለት ዲስክ፣ እያንዳንዱ ካሊፐር ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው አራት ፒስተኖች አሉት እንበል። አሽከርካሪው እጀታውን በ50 ኒውተን ኃይል ቢስብና እጀታው ይህን በ6 ቢያባዛው፣ 300 ኒውተን 14 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው የማስተር ሲሊንደር ፒስተን ላይ ያርፋል። በፍሬን ዘይቱ ውስጥ የ19.5 ባር ያህል ግፊት ይፈጠራል፤ እያንዳንዱ የካሊፐር ፒስተንም ሸራውን በ1,570 ኒውተን ገደማ ይገፋል። በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው የሰበቃ ልክ 0.4፣ ሸራው ዲስኩን የሚይዝበት ቦታ ከጎማው እምብርት 13 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማው ሬዲየስ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚገኘው የማቆሚያ ኃይል ወደ 2,170 ኒውተን ይደርሳል። ይህም ከነጭነቱ 450 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ብስክሌት ፍጥነቱን በየሰኮንዱ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲቀንስ ያደርገዋል።

አሁን በአንድ ምክንያት የሰበቃው ልክ ከ0.4 ወደ 0.6 ከፍ አለ እንበል። ጣት ምንም ሳይጨምር የማቆሚያው ኃይል ወደ 3,260 ኒውተን ይዘልላል።

ኃይሉ ክብደቱን ሲቀድም

ሞተር ብስክሌት ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል። በምሳሌያችን ክብደቱ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ተከፍሎ የፊቱ 225 ኪሎ ግራም ተሸክሟል እንበል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በጎማዎቹ እምብርቶች መካከል ያለው ርቀትም 1.5 ሜትር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ኃይል ሲቆም የፊት ጎማው ጭነት ወደ 320 ኪሎ ግራም ያድጋል። ሆኖም የፊት አሞርዛተሩ ተጨምቆ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪተላለፍ ድረስ ጥቂት የሰኮንድ ክፍልፋይ ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የሚችለው የማቆሚያ ኃይል ከተሸከመው ጭነት ጋር ሲነጻጸር ከ0.8 እስከ 1 ገደማ ነው፤ በእርጥብ መንገድ ደግሞ ከዚህ በጣም ያንሳል። 3,260 ኒውተን ቀስ በቀስ ቢመጣ ጭነቱም አብሮ ስለሚያድግ ንጽጽሩ 0.9 ይሆናል፤ በደረቅ መንገድ ጎማው ሊሸከመው ይችላል። ክብደቱ ሳይተላለፍ በአንዴ ቢመጣ ግን ንጽጽሩ ወደ 1.5 ይወጣል፤ ጎማው ይቆለፋል፤ የፊት ጎማው የተቆለፈ ሞተር ብስክሌት ደግሞ በቅጽበት ይወድቃል። እንግዲህ የጥሩ ፍሬን መለኪያው የኃይሉ ብዛት ሳይሆን ኃይሉ የጣትን ትእዛዝ በልኩ መከተሉ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

ብሎን ከመፍታት በፊት ምልክቱን በጥሞና ማዳመጥ ይገባል።

ከዝናባማ ወይም ከጤዛማ ሌሊት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አያያዞች ብቻ የሚታይና ከዚያ የሚጠፋ ከሆነ፣ መንስኤው በዲስኩ ላይ ያረፈ እርጥበትና ስስ ዝገት ነው።

አያያዙ ከጎማው ዙር ጋር እየጠበቀና እየላላ የሚመጣ፣ ፍጥነት ሲቀንስም ምቱ አብሮ የሚዘገይ ከሆነ ጉድለቱ ከዲስኩ ነው። ብዙዎች «ዲስኩ ተጣሟል» ይላሉ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዲስኩ ፊት ላይ ሳይስተካከል የተለጠፈ የሸራ ቅሪት ወይም የውፍረት ልዩነት ነው።

በማንኛውም የጎማ አቋም እጀታው ሲነካ ወዲያው የሚይዝ ከሆነ ሸራው ይጠረጠራል። ከአሞርዛተሩ ዘይት ፈሶበት፣ በሙቀት ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሶ ወይም ለሞዴሉ የማይስማማ ዓይነት ተገጥሞ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆይቶ ከዚያ የሚዘልል ከሆነ ደግሞ ፒስተኑ በቆሻሻ ወይም በዝገት ተይዟል። ግፊቱ እስኪያላቅቀው ድረስ ይጠራቀማል፤ ሲላቀቅም ከተፈለገው በላይ ይሄዳል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ይሽከርከር፤ ፍሬኑ ተይዞ ይለቀቅ። ጎማው እንደገና በነጻነት ካልዞረ በካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ይከፈት። ጎማው ወዲያው ከተፈታ ግፊቱ ከላይ ታግዷል፤ የማስተር ሲሊንደሩ መመለሻ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይም ቱቦው ከውስጥ ተበላሽቷል ማለት ነው። ካልተፈታ ጉድለቱ በራሱ በካሊፐሩ ውስጥ ነው። ይህ ቀላል ሙከራ ብዙ አላስፈላጊ ወጪ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ጎማው እንደተነሣ የአሞርዛተሩ እግሮች ተይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅነቁ። መንቋቋት ካለ የመሪው ኩሺኔታ ላልቷል፤ እንዲህ ያለው መላላት ጤናማውን ፍሬን ድንገት የሚይዝ ሊያስመስለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሸራዎቹ ወጥተው ይታዩ። ዘይት የጠጣ ሸራ አይታጠብም፤ የዘይቱ ምንጭ ተጠግኖ የሁለቱም ካሊፐሮች ሸራ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ፊቱ ብቻ የለሰለሰው በብርጭቆ ወረቀት ሊታደስ ይችላል።

አራተኛ፣ የዲስኩ ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ቢያንስ በስምንት ቦታዎች ይለካ። ከመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ያልበለጠ ልዩነት እንኳ በእጀታው ላይ ሊታወቅ ይችላል። የተፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

አምስተኛ፣ ፒስተኖቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ፤ ሁሉም በእኩል መውጣትና መመለስ አለባቸው።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች

የፍሬን ክፍሎችን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ፣ ተራ ግራሶም መቀባት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ የተባለውን ጉድለት ራሱ ይፈጥራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥ ይኖርበታል።

ረጅም ቁልቁለትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ ተጓዥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። የምሳሌያችን ሞተር ብስክሌት በ1,000 ሜትር ብቻ የሚለቀው ጉልበት 13 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ከቆሙም በኋላ በጋለው ዲስክ ላይ ፍሬኑን ጨብጦ አለመቆየት ይበጃል፤ ሸራው ቅሪቱን በዲስኩ ላይ የሚለጥፈው በዚህ ጊዜ ነውና።

ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው የጎማ መቆለፍ መከላከያ በሞተር ብስክሌት ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ 100 ተጀምሮ ዛሬ በስፋት ይገኛል። ሆኖም መቆለፍን ይከላከላል እንጂ የታመመውን ካሊፐር አይፈውስም። ጣት ያዘዘውን ያህል ብቻ የሚሰጥ ፍሬን የሚገኘው ምልክቱን አንብቦ፣ ለክቶና ፈትሾ መንስኤውን በማስወገድ ነው።