የራዲያተር ክዳንና የጨንቻ ዳገት

ከጫኖ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ አሮጌ የቤት መኪና ዳገት ላይ ሲፈላ፣ ጥፋቱ ወዲያውኑ በሞተሩ ላይ ይጣላል። እኛ ግን አስቀድመን የራዲያተሩን ክዳን እንመልከት።

ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት የሚወስነው ግፊት ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጫኖ ውሃ በ96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲፈላ፣ 2,700 ሜትር ገደማ በሆነው ጨንቻ በ91 ዲግሪ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃው ይፈላል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ያን ጊዜ ሞተሩን ማስፈታት ግድ ይሆናል፤ ወጪውም ከአንድ ክዳን ዋጋ ጋር ከቶ አይነጻጸርም።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስንገዛ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የክዳኑን ጎማ እንመርምር። የሞተር ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ቡና ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነውና፣ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት መካኒክ እናማክር። የጋለ ራዲያተር ግን ፈጽሞ አይከፈት፤ ታምቆ የቆየው ውሃ በቅጽበት ገንፍሎ ሰው ያቃጥላል።